ባዶውን የሚመለሰው ታንኳ

ባለፈው ሰሞን ወደ መቱ ስሄድ አውቶቡሱ ሁሩሙ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመና፣ ወርጄ ገበያውን ስዞር አንድ ከብት ነጋዴ ላሞቹን ጨው የሚያስልስበት ረጅም የእንጨት ገንዳ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ባሸትተው የረጠበ ዋንዛና የንብ ሰም ሸተተኝ፤ ሰም ደግሞ ለታንኳ ስንጥቅ እንጂ ለላም ገንዳ አይቀባም። «ይሄ ታንኳ አልነበረም?» ብዬ ብጠይቀው ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ገንዳ ነው ጋሼ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አለኝ።

ጣልያን ሳይገባ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቤታችን ከሁሩሙ አለፍ ብሎ ገባ በሚባለው ወንዝ መሻገሪያ፣ እኛ መልካ በምንለው ቦታ አፋፍ ላይ ነበር፤ እናቴም ተራ ለሚጠብቀው መንገደኛ ጎደሬ እየቀቀለች ትሸጥ ነበር። በእኛ ዳር ኦቦ ገመዳ፣ በማዶው ዳር ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጅ የሆነው ጋሼ ተሰማ አንዳንድ ታንኳ ነበራቸው። የመልካው ደንብ ገመዳ ከእኛ ዳር የሚነሳውን ብቻ፣ ተሰማ ከማዶ የሚመጣውን ብቻ እንዲያሻግር ነበር፤ ሁለቱም ሲመለሱ ባዶ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ከከተማ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ይስቅ ነበር፤ እኔም ኋላ ያነበብኳቸው ስለ ሀብት የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አፍ ቢኖራቸው ኖሮ አብረውት በሳቁ። ግን በዚህ ሞኝ ደንብ አንድ ወንዝ ሁለት ቤት ያበላ ነበር፤ የእናቴ ጎደሬ ከተቆጠረ ደግሞ ሦስት።

ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም። ከገመዳ ታንኳ ኋላ ታስሮ ሲዋኝ የነበረ የተሰማ በሬ አንድ ክረምት ጎርፍ ወስዶት፣ አንዱ «ገመዱን አላልቶት ነው»፣ ሌላው «በሬው ራሱ እንደ ባለቤቱ ሰነፍ ነበር» ተባብለው ተቆራርጠዋል። ሰላምታ ይቁም እንጂ ስድቡ አልቆመም፤ በመንገደኛ ይላክ ነበር። ነጠላውን ያጣፋ ጨዋ ሽማግሌ ከታንኳ ወርዶ እጅ ከነሣ በኋላ «ጋሼ ተሰማ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ኦቦ ገመዳ ታንኳዎ የከርከሮ መዋኛ ነው ብለዋል» ይላል፤ ተሰማም አመስግኖት፣ መልሱን በሚቀጥለው ሰው አፍ ያስይዛል። እኛ ልጆች የዕለቱን ስድብ ሳንሰማ ወደ ቤት አንገባም ነበር።

አንድ በጋ የአንድ ነጋዴ መኪና ከማዶ መጣ። ብዙዎቻችን መኪና አይተን ስለማናውቅ፣ እናቴ እንኳ ድስቷን ጥላ ወጣች። የመልካው ሹም በበቅሎ ደርሶ «ዛሬ ይህ መኪና ካልተሻገረ ሁለታችሁንም አባርሬ ሌላ ቀዛፊ አመጣለሁ» አለ። አንድ ታንኳ መኪና አይሸከምም፤ የነበረው መላ ሁለቱን ጎን ለጎን አስሮ፣ ላያቸው ላይ ግንድ ረብርቦ መጫን ነው። ገመዳና ተሰማ ከጫካ ሐረግ ቆርጠው፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስሩ ዋሉ።

መኪናው ሲጫን ሾፌሩ ከውስጥ አልወርድም ብሎ መሪውን እንደ ጨበጠ ተቀመጠ፤ በወንዝ መካከል መሪ ምን እንደሚረባ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሾፌሩ ራሱ ግን መልእክተኛ ሆኖ ረባ። አንዱ በቀኙ ሌላው በግራው ቆመው «ያንን ሰውዬ ቀስ በል በለው»፣ «ያንን ሰውዬ እኔን ከሚያስተምር መቅዘፊያውን ያጥልቅ በለው» እያሉ ምስኪኑን አንገቱን ሲያዞሩት፣ መካከል ላይ ሲደርሱ አንደኛው ሐረግ ተበጠሰና መኪናው ወደ ተሰማ በኩል አጋደለ። ያን ጊዜ ገመዳ ጥርት ባለ አማርኛ «ተሰማ! ያዝ!» ብሎ ጮኸ፤ ተሰማም ግንዱን በትከሻው ደግፎ በኦሮምኛ «ቀቤራ!» አለው፤ ይዣለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሾፌሩን የሚያናግረው ጠፋ።

ዳር ሲደርሱ ሕዝቡ እልል አለ። ሹሙም ደስ ብሎት፣ ብልህ ሰው ነውና ወዲያው አሰበ። «እንዲህ ከታረቃችሁማ ታንኳ ለምን ባዶውን ይመለሳል? ሁለቱን ታንኳ ይዞ ደርሶ መልስ የሚያሻግር አንድ ሰው ይበቃል። ነገ አንዳችሁን አሰናብታለሁ» አለ።

ሁለቱ ለአንድ አፍታ ተያዩ። ከዚያ ገመዳ መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ከዚህ ጋር? ማን ታረቀ?» አለ። ተሰማ ተቀብሎ «በሬዬን ለጎርፍ ያበላ ሰው ታንኳዬን ይንካ? ሞቼ!» ብሎ አካባቢውን አናወጠው። ሹሙ ሁለት የማይረቡ ደንቆሮዎች መሆናቸውን ተናግሮ፣ እንደ ጥንታቸው ይሁኑ ብሎ በበቅሎው ሄደ። እኔ ግን ከመኪናው ኋላ ቆሜ ስለነበር አየሁ፤ አፋቸው ሲሰዳደብ አራቱ እጆቻቸው አንዱን የሐረግ ቋጠሮ እየተጋገዙ ይፈቱ ነበር።

በማግሥቱ ታንኳዎቹ ተለያይተው፣ ባዶውን መመለሱ ቀጠለ። ስድቡም ቀጠለ፤ ጣዕሙ ብቻ ተለወጠ። «ያ ከርከሮ ትከሻውን ቅቤ አሽቶ ይሰረው በሉት» ይባላል፤ «ያ ሌባ ለልጁ ድግስ ካልጠራኝ ወዮለት» የሚል መልስ ይመጣል። መንገደኛውም ሳያጎድል ያደርሳል። ገመዳ የሞተ ዕለት ተሰማ ለቀስተኛውን ከሁለቱም ዳር ሲያሻግር ዋለ፤ ታንኳው ሄዶም ተመልሶም ሙሉ የነበረበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ዛሬ ከመልካው በላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ ታንኳም የላም ገንዳ ሆኗል። ድልድይን የሚነቅፍ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል፤ እኔም አልነቅፈውም፤ በሽተኛ ያደርሳል፣ ቡና ያወጣል። ከመቱ ስመለስ አውቶቡሱ የገባን ወንዝ በድልድዩ ላይ በአንድ ትንፋሽ አለፈው። ከጎኔ ያለው ሰው ተኝቷል፣ ሾፌሩ ወንዙን አላየውም። እኔ ብቻ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ከታች የድሮውን መልካ አየሁ፤ ለማዶው ሰው የሚደርስ አንድ ስድብ እንኳ የሚያስይዘኝ አልነበረም።