ያልተነጨ ፊት

ከሰው ይልቅ ከመሣሪያ ጋር ይቀናኛል። መሣሪያ ሲበላሽ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ቀይ መብራት ያበራል፤ ሰው ግን ዝም ብሎ ይበላሻል። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቆዳ ክሊኒክ የሌዘር መሣሪያ ጠጋኝ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል። ሐኪሟ ታካሚውን ታያለች፤ እኔ ጨረሩን አያለሁ።

የጨረሩ ነገር እንዲህ ነው። በመሣሪያው እጀታ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት መስታወቶች አሉ። አንዱ ጨረሩን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይመራዋል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ቆዳው ላይ ነጥብ በነጥብ ይደረድሩታል። አንዱ መስታወት በፀጉር ስፋት ከዘመመ ነጥብ በነጥብ ላይ ያርፍና ቆዳው ይቃጠላል። ስለዚህ በየማለዳው፣ ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ ጥቁር ወረቀት ላይ እተኩስና ነጥቦቹን በማጉያ መነጽር እመረምራለሁ። አንዷ እንኳ ከረድፏ ከወጣች እኔ መሣሪያውን አልለቅም። በዚህ ግትርነቴ ሐኪሟ ብዙ ጊዜ ተቆጥታኛለች፤ ትቆጣ፣ እኔ ምን አገባኝ።

እናቴም የነጥብ ባለሙያ ነበረች። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ገበያው ዳር ካለች ግራር ሥር ተቀምጣ ሴቶችን ትነቅስ ነበር። ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ ታሽና የሴቲቱን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ በመርፌ ትወጋለች። የጋይንት ሴት አንገት ላይ የእናቴን እጅ ከሩቅ እለየዋለሁ፤ መስመሯ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ፊት ላይ ብቻ ነው የተሳሳተችው፤ የገዛ ልጇ ፊት ላይ።

ታናሽ እህቴ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ በመንጋጋዋ የሚወርደው መስመር ግማሽ ሲደርስ ሕመሙን አልቻለችም፤ ተወራጨች። መርፌው ሸርተት ብሎ ወደ ጉንጯ ወጣ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሲድንም ጥቁር ጠባሳ ሆኖ አበጠ። ትምህርት ቤት "ጠማማዋ" የሚል ስም ወጣላት። ካደገች በኋላም ሰው ፊት ስትቀመጥ በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ትሸፈን ነበር። እናቴ ይህን እያየች ምንም አትልም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ የሕፃን ፊት ነክታ አታውቅም።

ክሊኒኩ መሣሪያውን ባስመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት እህቴን ነው። ሐኪሟ አምስት ዙር ያስፈልጋታል አለች። እህቴ መንገድ ሲከፈት እየጠበቀች፣ ሲዘጋም እየተመለሰች፣ በደብረ ታቦር በኩል ትመጣለች። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የሐኪሟ ትእዛዝ አንድ ነው፤ "ሁለት ሳምንት ፀሐይ አይንካው፣ እጅም አይንካው። የአንቺ ቆዳ ከተቧጨረ እንደገና ያብጣል፤ ያን ጊዜ እኔም አልመልሰውም።" ለአምስተኛው ዙር ስትመጣ የቀረችው ጉንጯ ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ብቻ ነበረች። ያን ቀን መስታወቶቹን ሦስት ጊዜ ፈተንኳቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ እህቴ ፊቷ እስኪሽር እኔ ቤት ተቀምጣ ሳለች፣ የእናቴ ወንድም ከአገር ደወሉ።

"እናታችሁ ደክማለች። እህትህን ይዘህ ና።"

በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ ከተደወለ የሞተ ሰው አለ።

"አርፋለች?" አልኳቸው።

"እህትህን ይዘህ ና" አሉ ደግመው።

"እሷን አላመጣትም።"

"ምን ትላለህ አንተ! እናቷን አትቅበር?"

"አጎቴ፣ ፊቷ ገና ቁስል ነው። ትነጨዋለች።"

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ እናቷ ስትሞት ፊቷን ትነጫለች፤ በጥፍሯ፣ በሻካራ ጨርቅ፣ ደም እስኪመጣ። ካህናቱ ቢገዝቱም የሚሰማቸው የለም፤ ፊቷ ደህና የሆነ ሴት አላዘነችም ተብላ ትታማለች። አጎቴም ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ በመጨረሻ። "የተማርከው አንተ ነህ።"

ሞትን መደበቅ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ለታመመ፣ ላረገዘች፣ ፈተና ለተቀመጠ ይደበቃል፤ ጊዜው ሲደርስ መርዶ ይነገረዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለእህቴ ደብረ ታቦር የተበላሸ መሣሪያ አለ አልኳትና ሄጄ እናቴን ቀበርኩ። ሴቶቹ "ልጇስ? ልጇ የት አለች?" እያሉ ሲጠያየቁ አንገቴን ደፋሁ። ከሬሳው ራስጌ ሆና ሙሾ የምታወርድ ልጅ አልነበራትም። ለእናቴ ያለቀሱላት ጎረቤቶች ናቸው።

ተመልሼ አሥራ ሁለት ቀን ዋሸሁ። ጠዋት ጠዋት እህቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ፊቷን በማጉያ መነጽሬ አያለሁ። "እንዴት ነው?" ትለኛለች። "ቀንቷል" እላታለሁ። ትስቃለች። ፊቷን ሳትሸፍን ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ በደስታዬም አፈርኩ። ጎረቤት ጋ ስትደውል የአገሩ ሰው መክሮበታልና ስልክ አያነሳም። "ኔትወርክ ጠፍቶ ነው" እላለሁ፤ ኔትወርኩም ዘወትር ስለሚጠፋ ታምነኛለች። አርብ ዕለት ደግሞ ምሳ ቀርቦልን ሳለ "ዛሬ እኮ የእማዬ ገበያ ቀን ነው" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁና ከመሣሪያው ጀርባ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ቆዳውን ዳስሳ "ድኗል" አለች። ለአጎቴ ደወልኩላቸው። በሁለተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከሁለት የአገራችን ሴቶች ጋር መጥተው በሩን አንኳኩ። እህቴ ከፈተች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ስታይ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም፤ "እማዬ!" ብላ ጮኸች። እጆቿ ሲነሱ አየሁ።

"እጇን ያዙ!" አልኩ።

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። እኔም ከኋላ እቅፍ አድርጌ ያዝኳት። ታገለችን። "ልቀቁኝ፣ ስለ እመቤቴ ልቀቁኝ" እያለች ለመነችን፤ ለመነችኝ። አለቀቅኳትም። ጉልበቷ አልቆ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ዓይኔ ከጉንጯ ላይ አልተነቀለም። አንዲት ጭረት የለችበትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ተመስገን ብያለሁ።

ሲነጋ ሴቶቹ ለለቅሶ የሚሆን ቤት ለማሰናዳት ተነሱ። እህቴ ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

"መቼ ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ቀኑን ወደ ኋላ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"እጄን ለምን አስያዝከኝ?"

"ፊትሽን እንዳትነጪ ብዬ ነው።"

"ደረቴን ልመታ ነበር" አለች። "ፊቴን እንደማልነካማ እማዬ አስምላኛለች። በጠና ታማ ነው ጥያት የመጣሁት። አልሄድም ብላት፣ ሂጂና ጨርሺው፣ የባሰብኝ እንደሆነ ይጠሩሻል አለችኝ። ከሞትኩ ቅበሪኝ፣ አልቅሽልኝ፣ ፊትሽን ግን እንዳትነኪ፤ እኔ ያጣመምኩትን ወንድምሽ አቃንቶታል፣ በእኔ ሞት አይበላሽ ብላ በደብራችን በቤተ ልሔም ታቦት አስማለችኝ።"

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

"መታመሟን ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ?" አለችኝ፤ አልጮኸችም። "የመጣሁ ቀን፣ በማግሥቱም፣ የጠየቅኸኝ ስለ ፊቴ ነው። እማዬ እንዴት ናት አላልክም። ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።"

አልጠየቅኋትም። በእግዚአብሔር ስም፣ አልጠየቅኋትም።

በዚያው ጠዋት ከአጎቴ ጋር ወደ አገር ልትገባ ተነሳች። እኔም ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ ስል እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"አንተ ቀብረሃታል" አለችኝ። "አንተ እዚሁ ቅር።"