የአራት ሰው ጀልባ

ሐሊና ጀልባ ያማራት ከእንግዳ ለመሸሽ ነበር። ይህንን ግን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ለባሏም ጭምር። እንዴትስ ብላ ትናገራለች? ባሏ ይድነቃቸው ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አለው፤ ናይሮቢ ከገባ ጀምሮ ሰው ሳይጋብዝ የዋለበት ቀን የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እሑድ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞች ትቶ ቤቱ ያርፋል ይባላል። የሚያርፈው ግን ምግብ ቤቱን በሙሉ ይዞ ነው። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሊያይ የመጣ ነጋዴ፣ ቪዛ የሚጠብቅ የአክስት ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተዋወቁት ሰውዬ፣ ሁሉም ሐሊና ሶፋ ላይ ነው። የሰባት ዓመቱ ኤልናታንና የአራት ዓመቷ ሚዛን እንግዳ ሲገባ ወንበር ለቀው መነሳትን የተማሩት አፍ ሳይፈቱ ነው። ሰው ሁሉ "ልጆችሽ እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው!" ይላታል። እሷም ፈገግ ትላለች። ውስጧ ግን እርር ድብን ይላል።

ባለፈው ነሐሴ ልጆቹን ናይቫሻ ሐይቅ ወስደው በጎብኚ ጀልባ ሲዞሩ የይድነቃቸው ስልክ መሀል ሐይቅ ላይ ኔትወርክ አጣ። ሰውየው መጀመሪያ ተቁነጠነጠ፤ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ልጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስለ ጉማሬ የሌለ ተረት ፈጥሮ ያወራላቸው ጀመር። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ሐሊና ባሏን እንደዚያ ያየችው መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃታት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ "የራሳችን ጀልባ ቢኖረንስ?" አለችው። ይድነቃቸው ዘሎ ተቀበላት። ወሬው ለሳምንት ያህል የሁለቱ ብቻ ስለነበር እሷም ለሳምንት ደስ ብሏት ሰነበተች።

በስምንተኛው ቀን ይድነቃቸው መጋረጃና የሶፋ ልብስ ከምትሰፋበት ሱቋ ድረስ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዋ ስር ደቀነው። ቀይ፣ ረጅም፣ አፍንጫው የሾለ ጀልባ። 

"አሥራ አንድ ሰው ይይዛል!" አላት።

"እኛ እኮ አራት ነን።"

"እና እንግዳ ሲመጣ የት ልናስቀምጠው ነው?"

የያዘችውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። እሱ ግን ጀልባ የሚመርጠው መኪና እንደሚመርጥ ሆኖ የተመረተበትን ዓመት፣ የሞተሩን ጉልበት፣ የስፒከሩን ብዛት አንድ በአንድ ይዘረዝርላት ነበር። ስፒከር! ሚዛን መዋኘት እንደማትችል፣ ኤልናታንም ከገንዳ ጠርዝ እጁን እንደማይለቅ የሚያውቅ አባት ስለ ስፒከር ያወራል።

ከዚህ ያዳኗት የመሰሏት ጋሽ ኣስፍሃ ናቸው። ጋሽ ኣስፍሃ ኪሌሌሽዋ የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የሞተር ሠራተኛ ነበሩ፤ አማርኛቸውም ከዚያው የመጣ ነው። አሁን የምግብ ቤቱን ጄኔሬተር የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ይድነቃቸው የቀዩን ጀልባ ፎቶ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣

"ትንሿ ልጅህ ቆማ ጎኑ የት ድረስ ይደርስላታል?" ብለው ጠየቁት።

"እ?"

"የጀልባው ጎን። ከደረቷ በታች ከሆነ ጎንበስ ስትል ጭንቅላቷ ይዟት ይሄዳል። ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ ነው። ሞተሩን ተወውና እሱን ለካ። ደግሞ የወደቀ ሰው በምን ተመልሶ እንደሚወጣ እይ፤ መሰላል አለው? ውሃ ቢሞላ ይሰጥማል ወይስ ይንሳፈፋል? ከሁሉ በፊት ግን የልጆቹን ላይፍ ጃኬት ግዛ። ጀልባው ቀጥሎ ይደርሳል።"

ይድነቃቸው "ጋሼ ደግሞ፣ ውጊያ እኮ አይደለም የምንሄደው" ብሎ ሳቀ። ሐሊና አልሳቀችም። በማግስቱ ዌስትላንድስ ሄዳ በልጆቹ ኪሎ ልክ ሁለት ላይፍ ጃኬት ገዛች። ቤት አምጥታ አለበሰቻቸውና የጃኬቱን ትከሻ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። የኤልናታን ንቅንቅ አላለም። የሚዛን ግን እስከ ጆሮዋ ወጣ። ውሃ ውስጥ ቢሆን ጃኬቱ ተንሳፍፎ ልጅቷ ከታች ልትሾልክ ነው። ሐሊና ስፌት የምታውቅ ሴት ናት፤ ሱቋ ገብታ ጠንካራ ጥብጣብ ቆርጣ በእግሮቿ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ሰፋችለት፤ ሦስት ጊዜ ደጋግማ በቀይ ክር። ከዚያ በኋላ ሲጎትቱት ልጅቷ ራሷ አብራው ትነሳ ጀመር። ሚዛን ጃኬቱን ለብሳ እራት በላች። አውልቂ ስትባልም አለቀሰች።

ጋሽ ኣስፍሃ እዚያው ቀዩ ጀልባ ያለበት ሻጭ ዘንድ ሌላ ጀልባ አገኙ። አጭር፣ ሰፊ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ አራት መቀመጫ ብቻ ያለው፣ ሰማያዊ ነገር። ይድነቃቸው ፎቶውን አይቶ፣ "ይሄማ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው!" አለ። የሆነ ሆኖ ሁለቱንም ሊያዩ፣ ቀዩንም ሊሞክሩት ለእሑድ ቀጠሮ ያዙ። ጋሽ ኣስፍሃ ጉልበታቸውን አሟቸው ቀሩ። ሐሊና መንገዱን ሙሉ እሑድን አራት ብቻ ሆነው ሊያሳልፉ ነው ብላ ስታስብ ነበር። ናይቫሻ ደርሰው መኪናውን ሲያቆሙ ግን አቶ ጌታቸው ከባለቤታቸው ከሜሮንና ከአምስት ዓመት ልጃቸው ጋር ዛፍ ጥላ ስር ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

"ምን ላድርግ፣ የልጃችን የክርስትና አባት ናቸው፤ ሲሰሙ እንዴት ዝም ልበል?" አለ ይድነቃቸው ቀስ ብሎ።

ጥርሷን ነክሳ ወረደች፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ወደ ውሃው የገባውን የእንጨት መሸጋገሪያ አልፈው ጀልባው ጋ ሲደርሱ የሻጩ ሠራተኛ ኦቲዬኖ ለትልልቆቹ ላይፍ ጃኬት አደላቸው። የልጅ ግን አልነበረውም። ኤልናታን የራሱን ለብሷል፤ ሚዛን የራሷን ለብሳለች። የነሜሮን ልጅ ባዶዋን ቆማለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ይድነቃቸው ዓይኑን ከሞተሩ ላይ አልነቀለም። ጌታቸው ስልካቸውን ለቪዲዮ ያዘጋጃሉ። ሜሮን ብቻ ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ "ግድ የለም፣ እኔ ጥብቅ አድርጌ እይዛታለሁ" አለች፤ ሰው እንደሚለው፣ ሌላው እምቢ እንዲላት ጠብቃ።

"ኧረ በፍጹም! እንዴት ተደርጎ!" አለች ሐሊና።

የገዛ አፏ ነው ያለው። እጇም አፏን ተከትሎ የሚዛንን ጃኬት ማሰሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ያንን በቀይ ክር የሰፋችውን ፈታ። ሚዛን አላለቀሰችም። እራት ላይ አላወልቅም ብላ ያለቀሰችው ልጅ፣ ለእንግዳ ሲሆን፣ ወንበሯንና አሻንጉሊቷን እንደምትሰጥ ሁሉ፣ ክንዶቿን ዘርግታ አስወለቀች። ኦቲዬኖ ግራ ተጋብቶ "ማማ፣ ምቶቶ?" አላት፤ ልጅቷስ ማለቱ ነው። "ሳዋ፣ ሳዋ"፣ ምንም አይደል አለችው ሐሊና እየሳቀች። እየሳቀች!

ጀልባው ላይ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። የቀዩ ጀልባ ጎን ለሚዛን ከጉልበቷ ብዙም አይበልጥም። ይድነቃቸው "ጨምርበት!" ይላል፤ ስፒከሩ ይጮሃል፤ ጌታቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ሌላ ጀልባ አጠገባቸው አልፎ ማዕበሉ ሲመታቸው ሁሉም አንድ ላይ ወደ ላይ ተነሥተው ዱብ አሉ፤ ሜሮን በደስታ ጮኸች። ሐሊና ምንም አላየችም። የልጇን ክንድ ይዛለች። ሐይቁንም፣ ወፉንም፣ ጉማሬውንም አላየችም፤ ያየችው ያቺ የሰው ልጅ በለበሰችው ጃኬት ላይ ያለውን ቀይ ክር ብቻ ነው።

ምንም አልሆነም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ዳር ወጥተው ዓሣ በሉ፤ ጌታቸው "እንዲህ ያለ ቀን አሳልፌ አላውቅም" ብለው መረቁ፤ ይድነቃቸው በመመለሻው መሪውን በጣቶቹ እየመታ "አየሽ? ቀዩ ነው" አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተናደደችው በእሱ ነበር፤ አሁን በማን ትናደድ? ጃኬቱን ያወለቀው እጅ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ልትቆርጠው ቢቻላት ደስ ባላት።

ቤት ገብታ ሚዛንን ስታጥብ የልጅቷ ክንድ ላይ አራት የጣት ምልክት አየች። ጠቁሯል። የራሷ ጣቶች ናቸው።

"ያምሻል?"

"ትንሽ።" ሚዛን ውሃውን በመዳፏ እየመታች አሰበች። "ማሚ፣ ሌላ ቀን እንግዳ ከሌለ እኔ እለብሰዋለሁ አይደል?"

ሐሊና ልጅቷን በፎጣ ጠቅልላ፣ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ይድነቃቸው ኳስ የሚያይበት ሳሎን ገብታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

"ይህንን እይ" አለችው፤ የሚዛንን ክንድ ከፎጣው አውጥታ።

"ማነው ይሄን ያደረጋት?"

"እኔ! እንዳትሰጥምብኝ። ጃኬቷንም ያወለቅኩት እኔ ነኝ። አንተ እንግዳ ጠራህ፣ እኔ ልጄን ለእንግዳ ሰጠሁ። ሁለታችንም ጨዋ ተባልን፣ ደስ ይበለን! ቀዩን የምትገዛ ከሆነ ከእንግዶችህ ጋር ሂድበት፤ እኔና ልጆቼ እግራችንን አናነሳም።"

"ታዲያ ሰው ሲመጣ ምን ልበል?"

"ቦታ የለም በል!"

"እንዴት አፌን ሞልቼ..."

"አውቃለሁ፤ አትልም። እኔም አልልም፤ ዛሬ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው አራት መቀመጫ ያለውን የምፈልገው። እኛ ካልቻልን ጀልባው ራሱ ይበልልን!"

ሚዛን እናትና አባቷን ተራ በተራ ታያለች። ይድነቃቸው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተነሣና የልጁን ክንድ በሁለት እጁ ያዘ። ጣቱን በምልክቶቹ ላይ አሳለፈ። ከዚያ ስልኩን አነሳና ጋሽ ኣስፍሃ ጋ ደወለ። "ጋሼ፣ ሳፋውን" አላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰማያዊው ጀልባ ውሃ ላይ ነበር። ጎኑ ሚዛን አገጭ ድረስ ይደርሳል፤ ከበስተኋላው መሰላል አለው፤ ፍጥነቱ ግን ያናድዳል። አራቱም ገብተው፣ አራቱም አስረው፣ ኦቲዬኖ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ሲል መሸጋገሪያው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። ጌታቸው፣ ሜሮን፣ ልጃቸው፣ ምሳ የያዘ ዘንቢል። ሐሊና ዞራ ባሏን አየችው።

"አልጠራሁም! እሑድ እሑድ እዚህ ነን ነው ያልኩት" አለ ይድነቃቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም፤ አጎንብሶ ሞተሩን ይነካካ ጀመር።

ሜሮን መቀመጫዎቹን በዓይኗ ቆጠረች። አራት። "ውይ፣ ሞልታችኋል ለካ። ግድ የለም፣ እናንተ ሂዱ፣ እኛ እዚሁ እንጠብቃለን" አለች። እንደዚያ ቀንም እምቢ እንዲሏት ጠበቀች።

"ኧረ በፍጹም" የሚለው ቃል ሐሊና አፍ ድረስ መጣ። ወዲያው አጠገቧ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ሚዛን ናት። ማንም ሳያዛት፣ የነሜሮንን ልጅ እያየች፣ የላይኛውን ማሰሪያ ፈትታ ጨርሳ ጣቶቿ ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል።

ሐሊና የልጇን እጅ ያዘች። የተፈታውን መልሳ አሰረች፤ የቀዩን ክር ማሰሪያም አጠበቀችው።

"ማሚ፣ እንግዳ ናቸው እኮ" አለች ሚዛን በሹክሹክታ።

"አዎ፣ እንግዳ ናቸው።"

ከዚያ ቀና ብላ ሜሮንን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ "እሺ፣ ጠብቁን" አለች፤ ኦቲዬኖንም ገመዱን ፍታው አለችው።