ያርጋል የተለቀሰበት ዜማ

ቢራራ ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቀው ግን አንድ ፊልም በመተረክ ነው። ያየው በንጉሡ ዘመን፣ ጎንደር፣ ከታናሽ ወንድሙ ከያርጋል ጋር ነው። ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ፈረንጆች ጊታር እየደበደቡ ይዘፍኑበታል። መጨረሻው ላይ አንዱ ከተሰባበረ ሞተርሳይክል አጠገብ ተንበርክኮ ደረቱን እየደቃ ያዜማል። ቢራራ ቋንቋውን አያውቅም፤ ጓደኛው በሞተሩ ሞቶበት ነው ብሎ አነባ። ዘወር ቢል፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰው ያርጋልም ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ ያርጋል ያን ዜማ ከአፉ አልለየውም። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሊማሊሞ ገደል የገባ ዕለትም ያንኑ ሲያንጎራጉር ነበር አሉ።

ለለቅሶው ቢራራ ዜማውን ለሙሾ አውራጇ ለበለጠች ሰጣት። ግጥም አበጀችለት፤ አገሩም ደረቱን እየደቃ ተቀበላት። እናታቸው ወይዘሮ ስንቄ ፈትል ላይ ሲቀመጡ የሚያለቅሱት በዚያው ዜማ ነው።

አብዮቱ ከመጣ ከዓመታት በኋላ ካድሬዎች ጄኔሬተር፣ የፊልም ማሳያና ሸራ ጭነው ደባርቅ መጡ፤ የኢምፔሪያሊስት ወጣት እንዴት እንደዘቀጠ ለሕዝብ ሊያሳዩ። ያው ፊልም መሆኑን ሲሰማ ቢራራ እናቱን ደግፎ ፊልሙ ወደሚታይበት ሜዳ አምጥቶ ፊት አስቀመጣቸው።

"ልጅሽ ያለቀሰበትን ታይዋለሽ፣ እማዬ።"

የፊልሙ ቀለም ለቋል። ያኔ ያስደነቀው፣ ከዘፋኞቹ ኋላ የሚታየው ተራራ የተቀባ ጨርቅ ኖሯል፤ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል። ሰው ይሳሳቅ ጀመር። ሰውየው ተንበርክኮ ሲያዜም ግን ሁሉም ጸጥ አለ፤ ዜማውን ያውቁታል። ካድሬው በድምፅ ማጉያ ተረጎመ።

"ሞተሬ ሆይ፣ ያላንቺ እንዴት በእግሬ ልሂድ? ጎማሽን ልሳመው! እያለ ነው ጓዶች። የሞተ ሰው የለም።"

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ ቢራራ! ለጎማ ነው እንዴ ደረት ያስደቃኸን?" አለ ሥጋ ሻጩ ፋንታዬ። "በለጠች፣ አውርጂልን እንጂ!"

በለጠች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቋን ታፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቢራራ ትከሻዋን አየ። ያን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ያርጋል ደግሞ ቋንቋውን ይችል ነበር።

"ልጄ ያለቀሰው በዚህ ነው?" አሉ ስንቄ፣ ዓይናቸውን ከሸራው ሳይነቅሉ።

"በዚህ ነው።"

"ሲያለቅስ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ፣ እማዬ።"

በማግስቱ ስንቄ ፈትላቸው ላይ ተቀመጡ። እንዝርቱ ይዞራል፤ ዜማውን ግን አላነሡትም። ቢራራ ስፌቱ ላይ አቀርቅሮ ጠበቀ። አንዱ መንገደኛ ዜማውን እያፏጨ በደጃፉ አለፈ። ስንቄ እንዝርቱን አስቀመጡና ተነሥተው በሩን ዘጉ።