መብራት የሌለው ወርክሾፕ

ቲቸር ጴጥሮስ ኤሌክትሪክን ያለ ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ቀልድ ይመስላል አይደል? ምነው ቀልድ በሆነ።

ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከግቢው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ወርክሾፕ አለ። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ለስላሳ ተጠጥቷል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን እንደ ቅጠል እያረገፈ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ባይገቡ እንኳ ሙያ ይዘው ይውጡ ተባለ። ደግ ሐሳብ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ከዚያ በአንዱ ክረምት መስመሩን የተሸከመው ምሰሶ ወደቀና ወርክሾፑ ጨለመ። ጴጥሮስ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰ። ዛሬ ነገ ሲሉት ክረምቱ ተደገመ፣ ተሠለሰ። በመጨረሻ እግሩን ሰበሰበ።

ማስተማሩን ግን አልተወም። የቡሌ ሰው ነው፤ ብርድና ዳገት ያሳደገው እልኸኛ። ግድግዳው ላይ ሶኬቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ብሬከሩ ሁሉ የተገጠመበት ትልቅ ቦርድ አለ። ሁሉ ነገር የተሟላለት፣ መብራት ብቻ የሌለው። ተማሪዎቹ "ሬሳው" ነበር የሚሉት። በሬሳው ላይ ሽቦ ይፈታሉ፣ ያስራሉ፣ እንደገና ይፈታሉ።

ጴጥሮስ የማይደራደርበት አንድ ሕግ ነበረው፤ ሳትፈትሹ እንዳትነኩ። መፈተሻዋ፣ ቴስተሯ፣ ካቻቢቴ የምትመስል ነገር ናት፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ስትነካ እጀታዋ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቦግ ትላለች። ተማሪ ሁሉ ተራው ሲደርስ ቴስተሯን ሶኬቱ ውስጥ ያስገባል፣ "ፈትሻለሁ" ይላል፣ አውጥቶ ኪሱ ይከታትና ሽቦውን ይይዛል። የረሳ ማርክ ይቀነስበታል። ቴስተሯ አንድም ቀን በርታ አታውቅም። በምን ትብራ? ስለዚህ ማንም አያያትም፤ መምህሩም የሚያየው እጃቸውን ነበር።

ከሁሉ የምትቀድመው ኤልቤቴል ነበረች። የጪጩ ልጅ ናት፤ እናቷ ሙሉነሽ ገበያ ላይ አቮካዶና ሙዝ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገቻት። እጇ ፈጣን ነው፣ አይኗ አይፈራም። ጴጥሮስ እሷን ባየ ቁጥር የደከመው ልቡ ነፍስ ይዘራ ነበር። እስከዚያ ቀን ከወርክሾፑ ወጥቶ በሙያው እንጀራ የበላ አንድም ልጅ የለም። ይህቺ አንዷ ሥራ ብትይዝ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሙሉነሽ ግን ሌላ አስባለች። ደላላ አግኝታ ልጇን ዓረብ አገር ልትልካት ነበር። ጴጥሮስ ይህን ሲሰማ ጪጩ ድረስ ወረደ። እደጃፏ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ከተማው ዳር ያለው የቡና መቀሸሪያ ፋብሪካ ልጅቷን ለልምምድ እንደሚወስዳት፣ ጎበዝ ከሆነችም እንደሚቀጥራት ነገራት። ሙሉነሽ ኤሌክትሪክ እንደምትፈራ አልደበቀችም። ሴት ልጅ ምን ወስዷት ከሞተር ጋር ትታገላለች ብላ ተከራከረች። እሱም ልጅቷ በደንብ መሠልጠኗን ደጋግሞ አስረዳት።

"ኃላፊነቱ የእኔ ይሁን" አላት በመጨረሻ። "ልጅቷ የእኔም ልጅ ናት።"

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሙሉነሽ እሺ አለች፤ ደላላውንም መለሰችው።

ኤልቤቴል መቀሸሪያው በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ጴጥሮስ ክፍል እያስተማረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ የመቀሸሪያው ቴክኒሻን ሙሐሲን ነበር፤ ቶሎ ሆስፒታል ና አለው። ጴጥሮስ ጠመኔውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሮጠ።

ልጅቷ በሕይወት አለች። ቀኝ እጇ ግን እንዳልነበረ ሆኗል፤ ከአውራ ጣቷ በቀር ጣቶቿ ተቆርጠዋል። ሙሐሲን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። የተበላሸ ሶኬት እንድትቀይር አዟት ነበር፤ ብሬከሩን ያጠፋ መስሎት ያጠፋው የሌላውን ክፍል ነበር።

"ግን እኮ ፈተሸች!" አለው ለጴጥሮስ። "ቴስተሯ ቦግ ስትል እኔ ከወዲያ አየኋት። ገና ሳልጮህ ኪሷ ከታ ሽቦውን ጨበጠችው። አይታ እንዳላየች። ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?"

ጴጥሮስ መልሱን ያውቅ ነበር።

አመሻሽ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ እስክንድርም ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። ጴጥሮስን ወደ ዳር ስቦ፣ ልጅቷ ጥንቃቄ ጎድሏት ነው በል ብሎ ለመነው። ነገሩ ወደ ሥልጠናው ከዞረ ወርክሾፑ በማግሥቱ እንደሚታሸግ፣ የቀሩት ልጆችም ሜዳ ላይ እንደሚቀሩ ነገረው። እውነቱን ነበር። ጴጥሮስ አንገቱን ደፍቶ ልጅቷ ወደተኛችበት ክፍል ገባ። እስክንድር ተከትሎት በሩ ላይ ቆመ።

ሙሉነሽ ልጇን በማንኪያ አጥሚት እያጠጣቻት ነው። ኤልቤቴል መምህሯን ስታይ ለመነሳት ሞከረች፤ ከአክብሮቷ ብዛት፣ ምስኪን!

"ቲቸር፣ ሳልፈትሽ አልነካሁም" አለችው። ድምጿ ሰልሏል። "እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት። ቆይቼ ቆይቼ አሰብኩት፤ አንዱንም አልዘለልኩም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

ችኮላ ነው ልጄ፣ ቢል ያልፍለት ነበር። ልጅቷ ታምነዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን እየወቀሰች ትኖራለች፤ ወርክሾፑም ይተርፋል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ብሎ እስክንድርን አየው፤ ከዚያ የተጠቀለለውን እጅ።

"አልተሳሳትሽም" አላት። "እንዳስተማርኩሽ ነው የሠራሽው። ቴስተሯ ስትበራ እጅሽን እንድትሰበስቢ አላስለመድኩሽም። በርታም አሳይቼሽ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

እስክንድር ከበሩ ላይ ዞር ብሎ ሄደ። ኤልቤቴል ትራሷ ላይ ተመልሳ ተኛችና በረጅሙ ተነፈሰች። ስህተቱ የእሷ ባለመሆኑ ቀለላት፤ ልክ ፈተና እንዳለፈች። ይህ ነው ጴጥሮስን አንጀቱን የቆረጠው፣ ከእጇም በላይ።

ሙሉነሽ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም።

"ወርክሾፑ መብራት እንደሌለው ልጄ ገና አሁን ነገረችኝ። እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ቤት መጥተው ሲለምኑኝም?"

"ያኔም አውቅ ነበር።"

"እንግዲያው ያኔ ነበር የሚነግሩኝ" አለችውና ማንኪያውን አንስታ ልጇን ማጠጣቷን ቀጠለች።