ሴቡ የገባሁ ዕለት

ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚህ ሐይቅ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለ የግሸን ተጓዦችን የጫነ አውቶቡስ መጣና ጧፍ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ተሯሯጡ። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር ሰሙ መለስለስ ጀምሯል። ሽታው ሲደርሰኝ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ፤ ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋብኝ እንኳ አልሰማሁም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጧፍ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልንገርሽ።

ወጣት ሳለሁ መርከበኛ ነበርኩ። ሞተር ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ፊሊፒንሳዊ ጓደኛ ነበረኝ፤ የሴቡ ልጅ ነው። ሴቡ ደሴት ላይ ያለች የጥንት ከተማ ናት። አባቱ እዚያ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ወደብ ላይ ሆነን በስልክ ሲያነጋግራቸው፣ እኔ ከጎኑ ልብሴን እያጠብኩ በአምባሰል ዜማ ሳንጎራጉር ሰሙኝ። ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያዝነው፣ ይዘኸው ና፣ ከተማችንን እናሳየው አሉት። አዝኜ እንዳልሆነ፣ ዜማው እንዲያ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ባስረዳቸውም አላመኑኝም። ከዚያ ወዲህ በተደዋወሉ ቁጥር ስለ እኔ ሳይጠይቁ አይዘጉም ነበር።

መርከባችን ሴቡ ስትደርስ ወደቡ ላይ የጠበቀችን እህቱ ብቻ ነበረች። ጓደኛዬ አባቱን በዓይኑ ፈለገ። ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል፣ እስኪነሱ ለእንግዳው ከተማውን እናሳየው አለችው። ቅር ቢለውም ለእኔ ሲል እሺ አለ።

ከተማው ገና ስገባበት አስደነገጠኝ። ሙቀቱ እርጥብ ነው፤ አየሩ ራሱ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ታክሲዎቹ ረጃጅም፣ ከአፍንጫቸው እስከ ጭራቸው በቀለም ያበዱ ናቸው። ተሳፋሪው የሒሳቡን ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ ለሹፌሩ ያደርሳል፣ የሚያስቀር የለም። መጀመሪያ የወሰዱን ጣሪያው በሥዕል የተሞላ አንድ ትንሽ ቤት ነው፤ ውስጡ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች በጥንት ዘመን ተከሉት የሚባል የእንጨት መስቀል ቆሟል። በቅርቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደግሞ ቀይና ቢጫ የለበሱ ሴቶች ሻማ ይሸጣሉ። የገዛ ሰው ስም ይነግራቸዋል፤ እነሱም ሻማውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ወዲህ አንድ ወዲያ አንድ እየረገጡ ለባለ ስሙ ይጸልያሉ። የቀለጠ ሰም ሽታ አየሩን ሞልቶታል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጓደኛዬ ውሃ ሊገዛልን ሄደ። ይሄኔ እህቱ ሻማ ገዛች፤ ስሙን ልትናገር ስትል ግን ድምጿ ተቆረጠ። ሴትየዋ ጠብቃት ጠብቃት እጇን ያዘቻት። ምን ነካሽ ብዬ ጠጋ አልኩ።

"አባታችን ሞቷል" አለችኝ። "ወንድሜ አያውቅም።"

እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ። ታመው ያረፉት እኛ ባሕር ላይ ሳለን ነው። እናትየው ልጄ በውሃ መሐል ብቻውን ሆኖ አይሰማም ብለው ከለከሉ። ከሌላ ደሴት የሚመጡት አጎቶች ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ እስከዚያ እንግዳ በማስጎብኘት ልታቆየው ነው። አስከሬኑ ቤት ነው፣ ልጁን ይጠብቃል። ያ ረቢ አልኩ፤ በእኛ ዘንድ ጀናዛ አያድርም። ግን ከሁሉም የባሰ ቀጥሎ ያለችኝ ነበር።

"የምናሳይህን ቦታ ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ የመረጠው አባታችን ነው። እስከ ከሰዓት ወንድሜን አብረኸኝ አቆየው።"

ጓደኛዬ ውሃውን አቅፎ እየሳቀ መጣ። እህቱ ላበቷን የምትጠርግ መሰለች። እኔ ልንገረው፣ አልንገረው ብዬ አመነታሁ። በእኛም አገር መርዶ መንገድ ላይ አይጣልም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ያንን አስቤ ሳልነግረው ውሃውን ተቀበልኩት።

ቀጥሎ በባሕሩ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ምሽግ አየን። ላቆየው ስል እያንዳንዱን ድንጋይ ማን አስቀመጠው እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። እሱ ደስ ብሎት አባቱ እዚያ ጥላ ስር መኪናቸውን አቁመው ምሳ እንደሚበሉ፣ ልጅ ሆኖ መሪውን ያስይዙት እንደነበር ይተርክልኛል። በመሐል ለአባቱ ስልክ ደወለ፤ አልተነሳም። ይሄ ሽማግሌ እንቅልፍ ይወዳል ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቄ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ወደ ማታ ላይ ሰፈራቸው ደረስን። መንገዱ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ሰው ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል፣ ልጆች ዳቦ ይበላሉ። ጓደኛዬ ጎረቤት የሞተ መሰለው፤ ማን ነው ብሎ እህቱን ጠየቃት። እጁን ያዘችው። ካርታው ቆመ። አጎቶቹ ተነሡ። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔና አንዱ አጎቱ ከሁለት ወገን ያዝነው።

የሬሳ ሳጥኑ ሳሎኑ መሐል ነበር፤ ክዳኑ መስታወት ነው። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ለጉዞ የተሰናዱ ይመስላሉ። ሰው ሞቶ እንደዚያ ፊቱ ሲታይ አይቼ ስለማላውቅ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ጓደኛዬ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ አለቀሰ። እናቱ ጀርባውን ብቻ ያሹታል።

ሲደክመው ቀና አለና እጄን ስቦ ወደ ሳጥኑ አስጠጋኝ። በቋንቋቸው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እንግዳህ መጣ አልኩት" አለኝ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን እንደሚባል አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝ የቤታችን ሰላምታ ብቻ ነበር።

"እንደምን ዋሉ አባባ" አልኩ።

እህቱ ምን ማለት ነው ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ከመስታወቱ ላይ በቋንቋቸው፣ ቀስ አድርጋ ለአባቷ ነገረቻቸው።