ላንተው ብዬ ነው

«ደህና ነው! በጣም ተሻሽሏል!» አለ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ። የተጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። «ነበርክ» የሚለኝ ካለ እንጣላለን። የቤቴን ቆርቆሮ ልጠግን ወጥቼ ወደቅኩና ህብለ ሰረሰሬ ተጎዳ፤ ከወገቤ በታች አይታዘዘኝም። ሐኪሙ ሁለተኛ ቆሜ እንደማልሄድ ቁርጡን ነግሮኛል። እሱን እንኳ ዋጥኩት። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ጠያቂ ሁሉ ገና ከበር ሲያየኝ እንባው ዱብ ዱብ ይላል፤ እኔ በሽተኛው «አይዞሽ፣ አይዞህ» እያልኩ ሳባብል እውላለሁ። ኧረ ጉድ ነው! የወደቀው ማን ነው?

ሆስፒታሉ ወደ ስነ ልቦና ባለሙያ ላከኝ። ጋሼ ዊልቸሬን እየገፋ አብሮኝ ገባና ስለ እንቅልፌም፣ ስለ ምግብ ፍላጎቴም እሱው መለሰላት። እግሬ ነው እንጂ አፌ መቼ ሰነፈ! ሴትዮዋ እስኪጨርስ ታገሰችው።

«አሁን እርስዎን ልጠይቅ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ከሁሉም በላይ የናፈቀዎት ምንድን ነው?»

«የስፌት ማሽኔ» አልኩ። «ለጥገና ሄዷል ብለውኝ ይኸው እስካሁን የለም። ሲመጣ ሞተር አስገጥምለታለሁ፤ መርገጫውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ በክርኔ እጫነዋለሁ። እጄ እንደሆነ ምንም አልሆነም።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። «ለሚስቴ ወንድም ሰጥቼዋለሁ። እያየኸው እንዳይከፋህ ብዬ... ላንተው ብዬ እኮ ነው!»

ደሜ ፈላ። «ለኔ? ማን ለመነህ? ሞቻለሁ እንዴ ንብረቴን የምታከፋፍለው? እግሬን ጣሪያው ወሰደው፤ እጄን ደግሞ አንተ ቆረጥከው!»

ጩኸቴ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። ባለሙያዋ በእጇ ምልክት መለሰቻት። እኔን ግን «ይረጋጉ» አላለችኝም። ከወደቅኩ ወዲህ እንዲህ ያላለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ጋሼ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ላባብለው እጄ ሊዘረጋ ነበር፤ ሰበሰብኩት። ወንድሜ ነው፣ አንጀቴን በላው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«አልቅስ ጋሼ» አልኩት። «ስትጨርስ ሄደህ ማሽኔን ታመጣለህ።»