ሁለት ጉቶ ያለው ጥድ

ያልቆረጥሁትን የቤተ ክርስቲያን ጥድ ቆርጠሃል ብለው ከቅሬ አስወጡኝ። ሳያዩ መሰከሩ፣ ሳይጠይቁ ፈረዱ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ማስረዳት ነው፤ የማስረዳውም አሁን መጻፍ ስለምችል ነው። ያኔ ፊደል ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ባልደረሰብኝ።

ቅሬ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። እኛ አገር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬ ነው። በእኛ ቅሬ ደንብ እያንዳንዱ ቤት ለለቅሶ ቤት አንድ ሸክም ፍልጥ ያመጣል። ድኻም ሀብታምም አንድ ሸክም። እንጨትህን አንቀበልም ካሉህ ሰው አይደለህም ማለታቸው ነው።

ፎገራ ሜዳ ነው። ከወረታ ወጥተህ ወደ ጣና ብታይ ሩዝና ከብት እንጂ ዐይን የሚያርፍበት ነገር የለም። በየቤቱ ዙሪያ ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የሚባል የለንም። በበጋ ኩበት እናነዳለን። ክረምት ሲገባ ግን ኩበቱ አይደርቅም፣ ወለሉ ያልበዋል፣ ግድግዳው ሲነኩት እጅ ያረጥባል፣ ልብስህን ለብሰህ ትተኛና ጠዋት እንደ እርጥብ ቆዳ ተኮራምተህ ትነሣለህ። የከተማ ሰው ፎገራ ብርድ የለም ይላል። ነሐሴን ጎርፍ በከበበው ጎጆ ይክረምና ያውራኝ።

የዚያን ዓመት ነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ትንሽ ሲጎድል ዳር ዳሩን ስሄድ አንድ ትልቅ ግንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወትፎ አገኘሁ። ጥድ ነው፣ ከነሥሩ። ጎርፉ ከላይ ከደጋው ነቅሎ ያመጣው ነው። ጎርፍ ያመጣው እንጨት ቀድሞ ላየው ሰው ነው፤ ሣር ቋጥረህ ጣል ታደርግበታለህ፣ ሌላው አይነካውም። እኔም ቋጠርሁ።

በማግሥቱ በሬዎቼን ይዤ ሄድሁ። ሥሩ ጭቃ ጨብጦ አልነቃነቅ አለኝ። በመጋዝ ግንዱን ከሥሩ ለየሁና ግንዱን ብቻ እያስጎተትሁ ተመለስሁ። ሥሩን እዚያው ተውሁት። ሞኝነቴ ይህች ናት። ነገ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ርብ እንደገና ሞላና ደለል አልብሶት ሄደ።

ጥድ መፍለጥ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍን በእርጥቡ ካልደረስህበት ሲደርቅ ምሳር ያዘልላል። ጥድ የልቡን መስመር ካየህለት ራሱ ይከፈልልሃል፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ነው። የግንዱን ግርጌ መፍለጫ አደረግሁትና የቀረውን እላዩ ላይ ፈለጥሁ። ምድጃው መሐል ስናነደው ተንጣጣ፣ ወለሉ በሁለት ቀን ደረቀ። ባለቤቴ አየሩን ሳብ አድርጋ፣ «ውይ፣ ቤታችን መቅደስ መቅደስ ሸተተ!» አለች። ሳቅን።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አንድ ጥድ በምሳር ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ላውቅም አልፈለግሁ። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። በእኛ ሜዳ ጥድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር በቀር የለም። ስለዚህ የጥድ ጢስ የሚወጣበት ቤት የሌባ ቤት ነው። አገሩ ሁሉ በአፍንጫው ፈረደ።

እኔ ይህ መወራቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አረፉ። ደግ ሴት ነበሩ፤ ከፍልጡ የተሻለ የተሻለውን መርጬ አስሬ ተሸከምሁ። የቅሬው ዳኛ በግቢው መግቢያ ቆሞ ሸክም ይቀበላል። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከብት አብረን ጠብቀናል።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እንጨት።»

«የምን እንጨት?»

«የሚነድ።»

«አንተ ሰው አትቀልድ። የታቦቱን ዛፍ ለለቅሶ ቤት ታመጣለህ?»

«ጎርፍ ያመጣው ነው።»

ከኋላው አንዱ፣ «ጎርፉ ምሳር ይዞ ነበር እንዴ?» አለ። ሳቁ። ሬሳ ሳይወጣ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆመው ሳቁ። ዳኛው ሸክሜን በእግሩ ገፍቶ ከአጥሩ ውጭ ጣለው። ጠፍሩ ተፈቶ ፍልጡ ጭቃ ላይ ተበተነ። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምሁት። አንዲት ስንጣሪ አልተውሁላቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ፍርዱ ቀድሞ አልቋል፤ የተጠራሁት ለመስማት ነው። «በሚመጣው እሑድ ድንጋይ በማጅራትህ ተሸክመህ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማሩኝ ትላለህ፣ እኛም ይቅር እንላለን» አለ ዳኛው።

«በዚህ ሜዳ ድንጋይ ከየት ላምጣ?» አልሁት። ፎገራ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ለወፍ የምትወረውረው ጠጠር እንኳ የለም።

«እኛ ከወረታ በባጃጅ እናስመጣልሃለን።»

የምሩን ነው።

«እንግዲያው ካመጣችሁት እናንተው ተሸከሙት» ብዬ ተነሥቼ ሄድሁ። በዚያው አስወጡኝ።

ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰምታለች።

«የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ተሸከምና ተገላገል» አለች። «ነገ ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

«ጅብ።»

«ለአንተስ ጅብ ይበቃሃል። እኔ ሰው ነኝ፣ ሰው ይቅበረኝ።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲያ ክብሪት ሲረጥብባቸው እሳት ሊጭሩ ይመጡ የነበሩ ሴቶች ደጃችንን ዘለው ሄዱ። ባለቤቴ የምንጭ መንገድ ላይ ስትደርስ ወሬ ይቆማል። ይህን ሁሉ ዐውቃለሁ። ግን ያላጠፋሁትን ማሩኝ ብል፣ ማሩኝ ያልሁበት አፍ ነገ የማንን እውነት ይናገራል? ፍልጤን ከጓሮ አንሥቼ መንገድ ዳር ከመርሁት። መፍለጫውንም እዚያው አወጣሁ። ሰው ሲያልፍ ምሳሬን ከፍ አድርጌ ነው የማሳርፈው። ሳነድም በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው። ንፋሱ ጢሱን ወደ ዳኛው ቤት ሲወስደው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ኅዳር ላይ ሜዳው ደረቀ። ዶማ ይዤ ወርጄ ቦታውን በግምት ቆፈርሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ዶማዬ እንጨት መታ። ሥሩ ራሱ ነው፤ ደጋ ላይ የጨበጠውን ድንጋይ እንደያዘ ነው የመጣው። አጠብሁት። እሑድ በበሬ እያስጎተትሁ ወስጄ ቅዳሴ ሲፈታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቆምሁት። መፍለጫ ያደረግሁትን የግንዱን ግርጌም ይዤ ሄጄ እላዩ ላይ ሳስቀምጠው በመጋዝ የተቆረጠው አፍ ለአፍ ገጠመ። ሰው ከበበኝ። የደብሩን ሽማግሌ ቄስ ጠራኋቸው።

«አባ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። «ጉቶ ነው።»

«ቅጽሩ ውስጥ ያለውስ፣ የተቆረጠው?»

«እሱም ጉቶ ነው፤ ተተክሎ ይታያል።»

«አባ፣ አንድ ዛፍ ስንት ጉቶ አለው?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔን ምን ታደክመኛለህ? እነዚህን ጠይቃቸው» አሉና ወደ ዳኛው አዩ።

ዳኛው ጉቶውን አየ፣ መሬት አየ። «ደህና» አለ። «ነገሩ ታይቷል። ተመለስ፣ እንጨትህንም አምጣ። ጸሐፊው ይጻፈው።» የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ምን ጻፍህ ብለው፣ «መመለስህን ነዋ!» አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምሁበት። ባለቤቴ ያን ቀን እልል አለች።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ላይ ከአንድ ሰው ጋር በውሃ ቦይ ተጣላን። የሩዝ ማሳዬን ውሃ ወደ ራሱ ቆርጦት ነው። ስጮህበት፣ «አንተ በምሕረት የገባህ ሰው አፍህን ሰብስብ!» አለኝ።

«ምን ምሕረት?»

«መዝገብ ላይ አለ። ጣትህ አለበት።»

ውሃውን ትቼለት ወደ ቤቴ ሄድሁ። ማንን ላስነብብ? ማንበብ የሚችሉት የጻፉት ሰዎችና ወዳጆቻቸው ናቸው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶች ይማሩ ነበር። ተመዘገብሁ። የምታስተምረን ልጄ የምትሆን ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን፣ «ጥድ እንዴት ይጻፋል?» አልኋት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሀሁን ይጨርሱ፤ ጥድ አይሸሽም» አለችኝ። ሰው ዳዊት ለመድገም ይማራል። እኔ የተማርሁት አንድ መስመር ለማንበብ ነው። ምሳር የለመደ እጅ እርሳስ ይሰብራል፤ ስንቱን ሰበርሁ። ከዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ኅዳር ላይ በቅሬው ስብሰባ ተነሥቼ፣ «መዝገቡን ስጡኝ» አልሁ።

«ምን ልታደርገው?» አለ ጸሐፊው።

«ላነበው።»

«ገልብጠህ እንዳትይዘው ብቻ» አለ አንዱ። ሳቁ። ገጹን አወጣሁት። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ቀስ እያልሁ፣ እየተደናቀፍሁ። «ጥፋቱን አምኖ፣ ማሩኝ ስላለ፣ በምሕረት ተመልሷል።» ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የእኔው ነው። የሚስቅ አልነበረም።

«ይሰረዝ» አልሁ።

«ወንድሜ፣ ያለፈ ነገር አትቆስቁስ» አለ ዳኛው። «ቅሬ ተሳሳትሁ ብሎ ከጻፈ ነገ ማን ይሰማዋል? ተመልሰሃል አይደል? ምን ጎደለህ?»

«ማሩኝ አላልሁም።»

«ቃል ናት።»

«ለአንተ ቃል ናት። እስክትታረም እንጨቴን ከእኔ አትጠብቁ።»

ጥር ሲጋመስ የዳኛው እናት ሞቱ። ባለቤቴ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ባሕር ዛፍ ፈለጥሁ፣ ከሌላው ሰው ሸክም እጥፍ የሚሆን አሰርሁ፣ ተሸክሜ ሄድሁና ከአጥሩ ውጭ ቆምሁ። አልገባሁም፣ አላወረድሁም። ሰዎች «ግባ እንጂ፣ አውርድ እንጂ» አሉኝ። ጀርባዬ ተቃጠለ። በመጨረሻ ዳኛው ራሱ ወጣ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ዐይኑ አብጦ።

«ምነው ውጭ ቆምህ?» አለኝ።

«በመዝገባችሁ የሌባ እንጨት ነው። ለእናትህ ለቅሶ የሌባ እንጨት ላነድ? እሳቸው እንዲህ አድርገው አላሳደጉንም። ከፈለግህ እስኪቀበሩ እዚሁ እንደቆምሁ እውላለሁ።»

ዳኛው መጥቶ ሸክሙን ከጀርባዬ በገዛ እጁ አወረደው። «አስጽፋለሁ» አለ። «በእናቴ ሬሳ።»

ገባሁ። አለቀስሁላቸውም፤ ስራብ አጉርሰውኛል።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ጸሐፊው «ይቅር ተባብለናል» ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ያዝሁት። እኔ ቃሉን ተናገርሁ፣ እሱ ጻፈ፦ «ዛፉን አልቆረጠም። ማሩኝ አላለም። የተሳሳተው ቅሬው ነው።» የድሮውን መስመር በቀይ ሰረዘው። ቀለሙ ሳይደርቅ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዳኛው ፈረመ፣ ቄሱ ፈረሙ። የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ሲገፉልኝ መልሼ ገፋሁትና ስክሪብቶውን ጠየቅሁ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ፣ ከጎኑም ቀኑን፦

እሑድ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.